የኮረሪማ ሰበብ

ቤታችን ውስጥ «ታዛዥ» የሚል ስም አለኝ። ጨው ሲያልቅ፣ እንግዳ መጥቶ ስኳር ሲጎድል፣ ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ይህንን ለጎረቤት ስታወራ ጭንቅላቴን ደፍቼ እሰማለሁ። የምወጣው ግን ለጨው ብዬ አይደለም።

አዲስ አበባ ውስጥ በገዛ ሰፈርህ ዝም ብሎ መንሸራሸር ያስጠይቃል። እጅህን ኪስህ ከተህ ብትታይ «ወዴት ነው? በሰላም ነው?» ይልሃል ያገኘህ ሁሉ። መልስ ካጣህ ወይ ሥራ ፈተሃል፣ ወይ አሞሃል። ፌስታል የያዘን ሰው ግን ማንም አይመረምረውም። ደግሞ ጉዳዩ ትንሽ መሆን አለበት። ባንክ ወይም ወረዳ የሄድኩ ቀን ባለማኅተሙ ለምሳ እንዳይወጣብኝ ስሰጋ አጠገቤ ሰርግ ቢያልፍ አላይም። ኮረሪማ ቢዘገይ ግን ማን ይጎዳል?

ይህ የገባኝ አንድ ዓመት ጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት ነው። ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ኮረሪማ ጎድሎ ሾላ ገበያ ተላክሁ። ገዝቼ ስመለስ ዝናቡ ወረደና አንድ ሱቅ ደጃፍ ተጠለልኩ። የሚያስቸኩል ነገር ቢኖረኝ ኖሮ ሰማዩን ስረግም ነበር የምቆየው። ኮረሪማዬ በኪሴ ስለነበረ ቆሜ አየሁ።

ልጆቹ ሸሚዛቸውን እየወረወሩ ከየግቢው ፈልተው ወጡ። «ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያሉ ይዘላሉ። ዕለቱ ርኅወተ ሰማይ፣ ሰማይ የሚከፈትበት፣ ዝናቡም ጠበል ነው ተብሎ ስለሚታመን እናቶች አይከለክሉም፤ በሌላ ቀን ቢሆን ቁንጥጫው ይቀድም ነበር። አንዷ እንዲያውም ከአሸንዳው ሥር ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጆግ ደርድራ ታጠራቅማለች። አንዲት ጎፈሬዋ የቆመ ልጅ የግቢውን በር ተደግፋ ቁመቷን በወንድሟ እጅ በከሰል አስለካች፤ ዝናብ ውስጥ ሮጣ ተመለሰችና እንደገና አስለካች። ጎፈሬው በውሃ ተኝቶ ቁመቷ ቀንሶ ተገኘ! ወንድሟ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ እሷ ግን አልተበገረችም፣ «ገና አልበቃኝም» ብላ ተመለሰች።

ባለሱቁ ሽማግሌ ሰው ናቸው። «ይቺን ሸራ ላስተካክላት» ብለው ወጡ። ሸራው ምንም አልሆነም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ራሰ በራቸውን ለዝናቡ ሰጥተው ትንሽ ቆዩና ገቡ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ እኔም ስለ ሸራው አልጠየቅሁ፣ እሳቸውም ስለ ሸራው አላወሩ።

ከዚያ ወዲህ ዝርዝር ሲሰጠኝ አንዷን ነገር ሆን ብዬ ለነገ አሳድራለሁ። ሎሚ ተረሳ ማለት አንድ ተጨማሪ መንገድ ነው፤ ሊስትሮው ከደንበኛው ጋር በኳስ ሲከራከር፣ ወያላው አሮጊቷን ከነዘንቢላቸው ተሸክሞ ሊያወጣ ሲታገል አያለሁ። ዘንድሮ ለመስቀል ችቦና ቄጤማ ማን ይገዛል ሲባል እጄን አውጥቻለሁ። ሁለቱም እኮ አንድ ቦታ ይገኛሉ የሚል ሰው ካለ፣ እባካችሁ ባለቤቴ ጋ እንዳይደርስ።