ጄኔሬተራችን ተራራ ስትወጣ

መቼም በእኛ አገር መብራት ሲጠፋ «ጄኔሬተር አለኝ» የሚል ሰው ትንሽ ንጉሥ ነው። እኛም ያችን ንግሥና ቀምሰናታል። ለአራት አዋጥተን የገዛናት ማሽን ጀርባዋ ላይ 2,000 ዋት ተጽፎባታል፤ በቤንዚን ትሠራለች፤ ገመዷን ስቦ ማስነሳት ነው። ባለፈው ጥር ለጓደኛችን ሰርግ በአይሱዙ ጭነናት ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን መንገድ ወጣን።

መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ደባርቅ ራሷ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሳንካበር 3,250፣ ጨነቅ ከ3,600 ያልፋል፤ የቧሂት መተላለፊያ ላይ ሲደርሱ ደግሞ 4,200 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ጭላዳ እንኳ ፀጉር አብቅሎ ነው የሚኖረው። ሰርጉ ከቧሂት ወዲያ ቁልቁል ነው፣ ሆኖም ቁልቁል ማለት 3,000 ሜትር ገደማ ነው።

ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የእኛ 2,000 እዚያ 1,300 ቢሆን ነው። ይህንን ለዲጄው ነገርነው። «ጀርባዋ ላይ ያለውን አንብቡ» አለን። አምፖሎቹና ስፒከሮቹ ሲሰካኩ ችግር አልነበረም። አንዷ ሚዜ ቀሚሷን ልትተኩስ ካውያ ስትሰካ ግን ማሽኗ አቃሰተች፣ አምፖሎቹ ቀሉ፣ ዘፋኙም ድምፁ ወፍሮ ቆመ። ካውያው ተነቀለ፤ ቀሚሱም እንደተጨማደደ ተጨፈረበት።

ዋናው ክርክር የመጣው ከመሸ በኋላ ነው። የጥርን ሌሊት የስሜን ሰው ያውቀዋል፤ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። የሙሽራው አጎት መጡና «ልጆቼ፣ ማሽኗን ጓዳ አስገቧት፤ ጩኸቷም ይቀንሳል፣ ሌባም አይወስዳትም፣ ቤቱንም ታሞቃለች» አሉን። ጓዳው አጠገብ ባለው ክፍል እናቶችና ሕፃናት ተኝተዋል።

«አያ፣ አይሆንም» አልናቸው። «ለምን? ከሰል አንድደን አይደል የምናድረው?»

ነገሩ እዚሁ ላይ ነው። ከሰል በዘጋ ቤት ውስጥ ስንቱን በተኛበት እንዳስቀረ እሳቸውም ያውቃሉ። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም፤ የደምን የኦክስጅን ቦታ ይነጥቃል። ጄኔሬተር ደግሞ ከማንደጃ ይብሳል። ደጋ ላይ ሲሆን ጭራሽ ይከፋል፤ አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ ግን እንደ ቆላው ስለሚፈስ በደንብ ሳይቃጠል ይወጣል። ማርሚታዋ ጥቁር ጭስ መትፋቷን ያየ ይመሰክራል። ጀልባ ላይ የሚያድሩ ፈረንጆችም መልሕቅ ጥለው ይህችኑ ዓይነት ማሽን ከኋላ ያስነሳሉ፤ ነፋስ ጭሱን ወደ መኝታቸው መልሶባቸው በዚያው የቀሩ አሉ። በባሕር ነፋስ መሃል እንዲህ ከሆነ በሣር ክዳን ጓዳ ውስጥ ምን ሊሆን ነው?

አጎትዬው ዝም አሉ። ባለፈው ክረምት በከሰል ጭስ ራሷን ስታ የወጣች የጎረቤት ልጅ እንዳለች የነገሩን ኋላ ነው። ከዚያ ራሳቸው ችግሩን ፈቱት፦ ማሽኗ ከቤቱ አሥር እርምጃ ርቃ፣ ማርሚታዋ ወደ ገደሉ ዞሮ፣ ነፋሱ ከቤቱ ወደ እሷ በሚነፍስበት በኩል ተቀመጠች። ለሌባው ውሻቸውን አጠገቧ አሰሩ። ውሻው ሌሊቱን ሙሉ ማሽኗ ላይ ሲጮህ አደረ፤ ጩኸት ይቀንሳል ብለው ለነበሩት ጎረቤቶች ያው ሆነ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቤንዚኑ አለቀ። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መሙላት እሳት መጥራት ስለሆነ እስክትበርድ እንጠብቅ አልን። ዳሱ ጨለመ። አንድ ሰው ኩራዝ ሲያበራ አዝማሪው ማሲንቆውን ከግድግዳ አወረደ። ማሽኗ በርዳ ከተሞላች በኋላ ዲጄው ሁለት ጊዜ ሊቀበለው ሞከረ፤ ማይክ የሰጠው ሰው ግን አልተገኘም።