ባቡር ሲቆም

ባቡር የተሠራው ለመሄድ ነው ቢባል የሚከራከር አይኖርም። ሆኖም ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በአሮጌው ምድር ባቡር የተጓዘ ሰው ትዝታውን ሲያወጋ ከሩጫው ይልቅ የሚያነሣው ጣቢያዎቹን ነው። 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ያ መንገድ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ፣ የአዋሽን ቆላ አቋርጦ፣ በምሥራቁ በረሃ አልፎ ባሕር ጠረፍ ይደርስ ነበር። በመስኮት የሚሸሸው ተራራና ሜዳ ዓይንን ያዝናናል እንጂ በልብ አይቀመጥም። አገር የሚታወቀው ባቡሩ ሲቆም፣ መንገደኛውም ወርዶ መሬት ሲረግጥ ነበር።

የባቡሩ መቆም ግን ለተመልካች ታስቦ የተደረገ አልነበረም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት ይህ መንገድ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር፣ መሥመሩም ነጠላ ነበር። በነጠላ መሥመር ላይ ወጪና ወራጅ የሚተላለፉት አንዱ ጣቢያ ገብቶ ሌላውን ሲጠብቅ ብቻ ነው። በእንፋሎት የሚሠራውም ሞተር ውሃ ይጠማዋል። ስለዚህ በየሥፍራው መቆም የግድ ሆነ፤ ከዚህም ግዴታ ከተሞች ተወለዱ። ድሬዳዋ ራሷ፣ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት እጅግ አድካሚና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለተገኘ፣ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ሲያልፍ የተቆረቆረች ከተማ ናት።

ለመንገደኛው የጉዞው ውበት የተገኘው ከዚሁ ግዴታ ነው። ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ሞጆንና አዳማን አልፎ ወደ መተሐራ ሲቃረብ የፈንታሌ ተራራ ብቅ ይልለታል፤ ከግርጌው እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ዐለት፣ ከዐለቱ ማዶ የበሰቃ ሐይቅ ይታያል። ሐይቁ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት እየሰፋ ሐዲዱንና አውራ ጎዳናውን ስለተጋፋ የመንገዱን መደብ ከፍ ማድረግ አስፈልጓል፤ ስለሆነም በተለያየ ዘመን ከአንድ ቦታ የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎች የአንድ አገር አይመስሉም። ቀጥሎ አዋሽ ይመጣል። በጣቢያው አጠገብ ቡፌ ዳዋሽ የሚባለው አሮጌ ማረፊያ፣ ከከተማው ወዲያ ደግሞ በገደሉ ላይ የተዘረጋው የብረት ድልድይ አለ። ይህን ሁሉ ትቶ ካሜራውን ሳይከፍት ያለፈ መንገደኛ ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ አንሺውን ከገደሉ ይልቅ የሚስበው ሰው ነበር። ባቡሩ ቆሞ ሳይረጋ ሴቶች ሙዝና ብርቱካን፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሻይ ይዘው ወደ መስኮቱ ይጎርፋሉ። ዋጋው በጩኸት ይነገራል፤ መልሱ በሩጫ ይመለሳል። ከዳር አንድ እረኛ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ፉርጎዎቹን ይመለከታል። ካሜራው ይነሣል፤ ቀጭ ይላል፤ ባቡሩ ያፏጫል፤ ገበያውም ይበተናል። መንገደኛው የእረኛውን ፊት ይዞ ይሄዳል። እረኛው ግን የራሱን መልክ በወረቀት ላይ ሳያየው ይቀራል። ፎቶግራፉ በሌላ አገር፣ በሌላ ቤት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ከሥሩ የሚጻፈው «የበረሃ ሰው» የሚል ብቻ ይሆናል። የድልድዩ ስም ተጠይቆ ተጽፏል፤ የሰውየው ስም ግን አልተጠየቀም።

የሰው ስም ምን ያህል እንደሚከብድ ያው አዋሽ ምስክር ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. ፈጣኑ ባቡር በጠመዝማዛው ላይ ፍጥነቱን ባለመቀነሱ ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደሉ ሲወድቅ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዓለም ያን ቀን የሚያስታውሰው በዚህ ቁጥር ነው። በየጣቢያው ቆመው ሲጠብቁ ለነበሩት ዘመዶች ግን ከሟቾቹ አንድም ቁጥር አልነበረም፤ ሁሉም በስሙ የሚጠራ ልጅ፣ ባል፣ እናት ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የአሮጌው ባቡር ጉዞ ተቋረጠ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በተመረቀው አዲስ መሥመር ላይ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ሐዲዱ ሰፊ፣ ጉልበቱ ብርቱ፣ ሩጫውም ፈጣን ነው። ወደብ ለሌላት አገር ይህ የሚናቅ ጸጋ አይደለም፤ በሦስት ቀን የሚደረሰውን በአንድ ቀን መድረስን የሚጠላ ነጋዴም በሽተኛም አይገኝም። ነገር ግን አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተሞቹ ራቅ ብለው ተሠርተዋል፤ ከመስኮቱ ሥር ሻይ ይዛ የምትሮጠውም ሴት በዚያ ቦታ የላትም። ብዙዎቹ አሮጌ ጣቢያዎች ሐዲዳቸው ዝጎ ቀርተዋል። በፉጨቱ ምሳዋን ታሰናዳ የነበረች ከተማ አሁን ሰዓቷን በሌላ ነገር ትለካለች።

በድሬዳዋ አሮጌ ወርክሾፕ ያረጁት ሞተሮች ቆመዋል። ጎብኚዎችም ካሜራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ድሮ ሰው ቆሞ ባቡር ያልፍ ነበር፤ አሁን ባቡሩ ቆሞ ሰው ያልፋል። የሞተሩ ቁጥርና የተሠራበት አገር በብረቱ ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ ለመጪው ትውልድ አይጠፋም። ሞተሩን የነዳው፣ ፍሬኑን የጠገነው፣ በሌሊት ፋኖስ ይዞ ሐዲድ የቀየረው ሰው ግን ስሙ የተጻፈው በጓደኞቹ ልብ ብቻ ነው፤ ጓደኞቹም እያረጁ ነው።

በየቤቱ አልበም ውስጥ በፉርጎ ደጃፍ፣ በለገሃር በር፣ በድልድይ ራስ ላይ የተነሡ ፎቶግራፎች ሞልተዋል። በአዋሽ ወይም በድሬዳዋ የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን ወደ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ቤት ቢልካቸው፣ ይዘው መሄድ የሚገባቸው ካሜራ ብቻ አይደለም፤ እርሳስም ነው። ሽማግሌው ፎቶግራፉን አንሥተው «ይህ እገሌ ነው፤ ይህ ደግሞ እገሌ» ሲሉ፣ ልጁ ገልብጦ ከጀርባው ይጻፍ። ሥራው ከግማሽ ቀን አያልፍም። ሽማግሌው ካለፉ በኋላ ግን የአንድ ዓመት ምርምርም አይተካውም።