የአባቴ ሸክላዎች

አቃቂ ባለው ቤታችን፣ ከብፌው ሥር አንድ ካርቶን ነበር። አባቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደመወዙ ቆጥቦ የገዛቸው ሸክላዎች ናቸው። እሱ ባረፈ በዓመቱ ቤት ሳጸዳ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ግማሾቹን ለልዋጭ ሰጥቼ አንድ ባልዲ ተቀበልኩ። እማዬ አይታ ዝም አለች።

አምና የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲያስጨንቀኝ፣ በዚህኛው ጊዜ እማዬን አስፈቅጄ አንድ ሸክላ ሰብሳቢ ጠራሁ። ሰውየው እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዘነበለ አየ። ጭረት ዋጋ ይቀንሳል፤ የመጀመሪያው ሽፋን አብሮት ካለ ይጨምራል፤ ዘግይቶ እንደገና የታተመ የዋናውን ያህል አያወጣም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው የአምሃ ሪከርድስ ምልክት ያለባቸውን ሲያገኝ ፊቱ በራ። እነ አለማየሁ እሸቴና ማህሙድ አህመድ የተጫወቱባቸው፣ በየገጻቸው አንዳንድ ዘፈን የያዙት ትንንሾቹ ሸክላዎች ዛሬ በውጭ አገርም ፈላጊያቸው ብዙ ነው።

አንዱን ግን ገፋ አደረገው። «ተጫጭሯል፤ በእስክሪብቶም ተጽፎበታል። ይሄ አይሸጥም» አለኝ። መሃሉ ላይ ባለው ክብ ወረቀት የእማዬ ስምና የሠርጋቸው ቀን በአባቴ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል።

እማዬ ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «የተጫጨረውማ እኛው ስንጨፍርበት ነው» አለች።

በሌሎቹ ዋጋ የሩብ ዓመቱን ክፍያ ከፈልኩ። ባልዲው ከተሰበረ ቆይቷል። በልዋጭ የሄዱት ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ግን እስካሁን እማዬን ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

እናንተ ካርቶኑን ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።