ለልጆች ጨዋታ የሚሆን ቴሌቪዥን ፍለጋ በመርካቶ

ትምህርት ቤቶች ለክረምቱ ሲዘጉ በብዙ እናቶች ልብ ውስጥ የሚመላለስ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ልጆቻችን ቀኑን የት ይውላሉ የሚለው ነው። በአዲስ አበባ በየሰፈሩ የተከፈቱት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ለዚህ ጥያቄ አንዱ መልስ ሆነዋል። በጠባብ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ ተራ መጠበቅ፣ በየጨዋታው መክፈል፣ «የተሸነፈ ይከፍላል» እየተባባሉ መወራረድ የተለመደ ነው። ሥርዓት ጠብቆ የሚሠራ ቤት የመኖሩን ያህል፣ ልጅ ከማን ጋር እንደዋለና የታክሲ ገንዘቡን ምን እንዳደረገው የማይታወቅበትም አለ።

ስለዚህ «እዚያ ከሚውል ከዓይኔ ሳይርቅ እቤቱ ይጫወት» ብለው የሚወስኑ ወላጆች አሉ። መጫወቻውን አንድ ዘመድ ከውጭ አገር ይልከዋል፤ ወይም ያገለገለ ተፈልጎ ይገዛል። የሚቀረው ቴሌቪዥኑ ነው። የቴሌቪዥኑ ወጪ ግን ቀላል አይደለም፤ ወራት የተጠበቀ ዕቁብ ሊበላ ይችላል። በትክክል ካልተመረጠ ደግሞ ገንዘቡም ይሄዳል፣ ልጁም ተመልሶ ወደ ሰፈሩ ጨዋታ ቤት ይሄዳል። በዛሬው አምዳችን አንባብያትን ይዘን ወደ መርካቶ የምንወርደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከቤት ሳይወጡ

የቴሌቪዥን ግዢ የሚጀመረው በሱቅ ሳይሆን በራስዎ ሳሎን ነው። ልጆቹ ከሚቀመጡበት ሶፋ አንሥቶ ቴሌቪዥኑ እስከሚቀመጥበት ቡፌ ወይም ግድግዳ ድረስ ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ። የቴሌቪዥን ኢንች የሚለካው ከአንዱ ማዕዘን እስከ ትይዩው ማዕዘን በሰያፍ ነው። ባለ 32 ኢንቹ 81 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ባለ 43ቱ 109፣ ባለ 55ቱ ደግሞ 140 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን ልክ በአንድ ተኩል ቢያባዙት ተስማሚውን ርቀት በግምት ያገኙታል። ለባለ 43ቱ አንድ ሜትር ከስድሳ፣ ለባለ 55ቱ ሁለት ሜትር ከአሥር ያህል ይመጣል። በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ከዚህ አብልጦ መግዛት ልጁ ሜዳውን በአንድ እይታ ከማየት ይልቅ አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ እንዲጫወት ማድረግ ነው።

ቀጥሎ ልጅዎ የያዘው መጫወቻ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁት። በ1992 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ፕሌይስቴሽን 2 የሚገናኘው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው ገመድ ነው፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ግን ይህ መሰኪያ የላቸውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ኤችዲኤምአይ በሚባለው ገመድ ይሠራል፤ ተራው ዓይነት የሚያወጣው ሥዕል ከፉል ኤችዲ አይበልጥም፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ እስከ 60 ሥዕል ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ እስከ ፎር ኬ ጥራትና በሴኮንድ እስከ 120 ሥዕል ሊያወጣ ይችላል። እንግዲህ ፕሌይስቴሽን 4 ይዘው ለ120ው ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል፣ ለአንድ ሰው ድግስ ሁለት በሬ እንደመጣል ይቆጠራል።

መጫወቻውን ከነገመዱና ከነጆይስቲኩ በቦርሳ ይዘው ይውጡ። ልጅዎንም ይዘው ይሂዱ። ለምን እንደሆነ ከታች እንመለስበታለን።

መርካቶ ሲደርሱ

መርካቶ የሚለው ስም ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ ሲያዛውር የተወው ነው፤ ትርጉሙም ገበያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ገበያው በየሸቀጡ ተራ ተከፋፍሎ አደገ፤ ሸማ ተራ፣ ብረት ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠራል።

ሸማ ተራን ያለፈች ሴት የምታውቀው ነገር አለ። ነጠላ የምትገዛ እናት ጥለቱን በዓይኗ አይታ ብቻ ገንዘቧን አታወጣም፤ ጨርቁን በሁለት ጣቶቿ መካከል ታሸዋለች፣ ወደ ብርሃን አንሥታ ድሩንና ማጉን ትመረምራለች። በርበሬም ቢሆን ቅላቱ ብቻ አይታይም፤ ይሸተታል፣ ይቀመሳል። ለጨዋታ የሚሆን ቴሌቪዥንም በዚሁ ዓይነት መመርመር ይገባዋል። ገበያው ግን ለዓይን ብቻ ያቀርበዋል።

ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥባቸው ፎቆች ውስጥ ሲገቡ ግድግዳው ሙሉ በበራ ቴሌቪዥን ይቀበልዎታል። በባሕር ውስጥ የሚዋኝ ቀለመ ብዙ ዓሣ፣ ጠል ያረፈበት አበባ፣ ሌሊት የሚያብለጨልጭ ከተማ ይታያል። ይህ ሥዕል ቴሌቪዥን ለማሳየት ተብሎ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሚመጣውም ከኋላ ከተሰካች ፍላሽ ነው። ብርሃኑም ለሱቅ እንዲሆን እስከ መጨረሻው ከፍ ተደርጓል። ሻጩ «ስማርት ነው፣ ፎር ኬ ነው፣ ከስልክ ይገናኛል» ይላል፤ የተናገረው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ለጨዋታ ከሁሉ የሚቀድመውን አልነገረዎትም።

ጣትና ሥዕል

ከሁሉ የሚቀድመው ቴሌቪዥኑ ለጣት የሚሰጠው መልስ ነው። ልጁ ጆይስቲኩን ሲጫን ትእዛዙ ወደ መጫወቻው ይሄዳል፤ መጫወቻው ሥዕሉን ሠርቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ይልካል፤ ቴሌቪዥኑም ሥዕሉን ተቀብሎ ያሳያል። ይሁንና የዛሬ ቴሌቪዥን የተቀበለውን ወዲያው አያሳይም፤ ቀለሙን ያደምቃል፣ ጠርዙን ያጠራል፣ እንቅስቃሴው እንዲለሰልስም በሁለት ሥዕሎች መካከል የራሱን ሥዕል ጨምሮ ያስገባል። ይህ ሁሉ ለፊልም መልካም ነው። ለጨዋታ ግን ጊዜ ይፈጃል።

በሴኮንድ 60 ሥዕል በሚወጣበት ጨዋታ አንዱ ሥዕል የሚቆየው ከሴኮንድ አንድ ሺሕኛ 17 ያህሉን ነው። አንድ ቴሌቪዥን ሥዕሉን ሲያሳምር አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ቢዘገይ ልጁ የሚያየው ስድስት ሥዕል ያለፈበትን ነው ማለት ነው። ኳሱን ሲመታ ግብ ጠባቂው ቀድሞ ወድቋል። ልጁ ምክንያቱን ባያውቀውም ይበሳጫል፤ «እዚያኛው ቤት ይሻላል» ብሎም ይወጣል።

መፍትሔው ጌም ሞድ የሚባለው ማስተካከያ ነው። ይህ ሲበራ ቴሌቪዥኑ ማሳመሩን ትቶ ሥዕሉን ቶሎ ያቀርባል። በብዙ ደህና ቴሌቪዥኖች ላይ መዘግየቱ ከአንድ ሺሕኛ ሴኮንድ ከ10 እስከ 20 ወደሚሆን ይወርዳል፤ ይህንንም እጅ አይሰማውም። አንዳንዱ መጫወቻው ሲከፈት በራሱ ወደዚህ ይዞራል፤ በሌላው ላይ ሥዕል የሚስተካከልበትን ዝርዝር ከፍቶ መምረጥ ያስፈልጋል። ጨርሶ የሌለውም አለ፤ እሱን ይለፉት።

በአንድ ቅዳሜ ረፋድ ከእነዚህ ሱቆች በአንዱ ያገኘናቸው እናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። እኚህ እናት እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች በማቅረብ የሚተዳደሩ ሲሆኑ፣ ዕቁባቸው ወጥቶላቸው የ14 ዓመት ወንድ ልጃቸውንና የ11 ዓመት ሴት ልጃቸውን አስከትለው መጥተዋል። ሻጩ አንድ ባለ 55 ኢንች እያሳየ፣

«ማዘር፣ ይህ እኮ ግድግዳውን ሙሉ ነው የሚይዘው» አላቸው።

«ልጄ፣ እኔ ግድግዳ ለመሙላት አልመጣሁም፤ ልጆቼ ቤት እንዲውሉልኝ ነው» ሲሉ መለሱለት።

ልጁ የያዘውን መጫወቻ ሰክቶ ጥቂት ተጫወተና ፊቱን አጨማደደ። «እማዬ፣ ኳሱ ከጣቴ ኋላ ነው የሚሄደው» አለ። እህቱ ሪሞቱን ተቀብላ ዝርዝሩን ብታገላብጥ ጌም ሞድ የሚል አላገኘችም። ጎኑ የነበረው ባለ 43 ኢንች ግን ነበረው፤ ተሰክቶ ሲሞከር ልጁ ቀና ብሎ ሳቀ። እናቲቱም ያንን ገዙ። በተረፈው ገንዘብ አንድ ስታብላይዘርና ሁለተኛ ጆይስቲክ ጨመሩ። «ሁለተኛው የእሷ ነው» አሉ ወደ ሴት ልጃቸው እያመለከቱ፤ «እሷን እዚያ ቤት ማን ይልካታል? ጨዋታውን ግን ትወደዋለች።»

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት

እንግዲህ ልጅዎን ጆይስቲኩን ያስይዙና የሚከተሉትን ይመልከቱ። ዓሣውና አበባው ጠፍቶ የልጅዎ ጨዋታ በቴሌቪዥኑ ላይ ይታይ። መጀመሪያ ጌም ሞድ ሳይበራ፣ ቀጥሎ በርቶ ይጫወት፤ ልዩነቱን እጁ ይነግረዋል። እርስዎ ደግሞ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ይቁሙ፤ በአንዳንድ ቴሌቪዥን ላይ ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይነጣል። ልጆች አራትና አምስት ሆነው በሚቀመጡበት ሳሎን ይህ ችግር ነው። የኤችዲኤምአይ መሰኪያው ቢያንስ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለዲሽ መቀበያው፣ አንዱ ለመጫወቻው።

በካርቶኑ ላይ የሚጻፉ ትልልቅ ቁጥሮች እንዳያታልሉዎት ይጠንቀቁ። የእንቅስቃሴ መጠን 200 ወይም 240 ተብሎ የተጻፈበት ቴሌቪዥን እውነተኛው ፍጥነቱ 60 ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት «ኸርዙ ስንት ነው?» ተብሎ ነው። የታወቀ ፋብሪካ ስም ከፊቱ ላይ ቢያዩም፣ ከጀርባው የተለጠፈው የሞዴል ቁጥር በካርቶኑ ላይና በቴሌቪዥኑ ውስጥ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያስተያዩ። ኦሌድ የሚባለው ዓይነት ሥዕሉ እጅግ ያማረ ነው፤ ሆኖም እንደ ውጤት ሰሌዳ ያለ የማይንቀሳቀስ ምስል በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ከቆየበት ምልክቱ ሊቀርበት ይችላል። አንድ ጨዋታ ብቻ ለሚደጋግም ልጅ ይህን አስቦ መግዛት ያሻል።

ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ወይም ያገለገለ ቴሌቪዥን የሚገዙ ከሆነም ጀርባውን ያንብቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ቴሌቪዥን በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ሥጋት የለም።

ዋጋ በዚህ ገጽ ላይ አልጻፍንም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ከፍ ብሏል፤ የዛሬው ተመን ለሳምንቱ ላይሆን ይችላል። ቢያንስ ሦስት ሱቅ ሳይጠይቁ አይወስኑ። ደላላ መንገድ ላይ ቢቀበልዎት የእርሱም ድርሻ ከእርስዎ ቦርሳ እንደሚወጣ አይርሱ። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ሳይቀበሉ አይውጡ፤ «ያለ ደረሰኝ ይቀንስልዎታል» የሚል ሻጭ ዕቃው ሲበላሽ የሚያውቅዎት አይደለም።

ወደ ቤት

ተሸካሚም ይሁን መኪና፣ ቴሌቪዥኑ ከነፎሙና ከነካርቶኑ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ይጓዝ። ተጋድሞ የተጫነ መስኮት ከውጭ ምንም ሳይታይበት ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። እቤት ሲደርሱ መብራቱ በስታብላይዘር በኩል ይግባ፤ መብራት ሲሄድም ሶኬቱ ይነቀል፤ ተመልሶ ሲመጣ ያለው ኃይል ያስፈራል።

ቴሌቪዥኑን በልጆቹ መኝታ ክፍል ሳይሆን በሳሎን ያስቀምጡ። መጫወቻው ወደ ቤት የመጣው ከዓይንዎ እንዳይርቅ ነውና በመኝታ ክፍል በር ቢዘጋበት ከሰፈሩ ጨዋታ ቤት በምን ይለያል? የዓለም ጤና ድርጅት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ በጨዋታ የመጠመድን ችግር አስፍሮታል። ይህ ማለት የሚጫወት ልጅ ሁሉ ታማሚ ነው ማለት አይደለም፤ ጨዋታው እንቅልፉን፣ ትምህርቱንና ከሰው ጋር መዋሉን እየነጠቀ ሲሄድና ልጁ ማቆም ሲያቅተው ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ቴሌቪዥኑ በተገዛበት ዕለት፣ ልጁ ደስ ባለው ሰዓት ይወሰን፤ የሴት ልጅዋም ተራ አብሮ ይወሰን። ወንዱ ሲጫወት እሷ ሳህን የምታጥብበት ቤት እንዳይሆን፣ ሥራውም ጨዋታውም ለሁለቱ እኩል ይከፈል።

የአባት ዜናና የቤተሰቡ ድራማም የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ይህ ሁሉ በአንድ ቴሌቪዥን ላይ በስምምነት ከተዳደረ፣ የዕቁቡ ገንዘብ የገዛው ዕቃ ብቻ አይሆንም፤ ልጆቹ ማታ ሳይጠሩ በቤታቸው የሚገኙበትን ምክንያት ጭምር ነው።