በማዶ የነደደች እሳት

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ፣ የጨርቅ ቦንዳ የጫነ መኪና መርካቶ ሸማ ተራ ከሚገኘው ሱቄ የደረሰው ሱቆች ሁሉ ከተዘጉ በኋላ ነበር። የመጋዘኑም ቁልፍ ከባልንጀራዬ ዘንድ ስለ ነበረ ዕቃው በረንዳ ላይ ማደር ግድ ሆነበት። በሱቄ የሚያገለግለውን ልጅ ጠርቼ፣ «እስኪነጋ ብትጠብቅልኝ ከደመወዝህ ሌላ አራት መቶ ብር እሰጥሃለሁ» አልሁት። ልጁ እንደ እኔው ከጉራጌ አገር የመጣ ነው፤ «እሺ ጋሼ» ብሎ አደረ። በማግሥቱ ግን የጎረቤት ሱቅ ዘበኛ የከሰል ምድጃውን አቅርቦለት ሲያወጉ ማደራቸውን ሰማሁ። «ብቻህን ካልጠበቅህማ ዋጋህ እኩሌታው ነው» ብዬ ሁለት መቶ ብር ሰጠሁት። እርሱም አንዳች ሳይናገር ተቀበለኝ።

በዚያው ዕለት ማታ የልጅ ልጄ፣ አንድ የታወቀ ተረት ከየት እንደ መጣ ጽፋ እንድታቀርብ መምህሯ ማዘዙን ነገረችኝ። እኔም አባቴ በልጅነቴ ያወጋኝን ተረት ጀመርሁላት።

አርሃ የሚባል ጐልማሳ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ሀብቶም ለተባለ ባለጠጋ ነጋዴ አገልጋይ ሆነ። ጌታውም ያለ ልብስና ያለ እሳት በሱሉልታ ተራራ ራስ ላይ ቆሞ ካደረ፣ የእርሻ መሬት ከነቤቱና ከነከብቱ ሊሰጠው ተወራረደ። አርሃ ፈርቶ አንድ የአገሩን ሽማግሌ አማከረ። ሽማግሌውም «ከሸለቆው ማዶ እሳት አነድድልሃለሁ፤ አንተ እርሷን እያየህ ሙቀቷንና እኔን አስብ» አለው። በዚህም ሌሊቱን ተሻገረ። ሀብቶም ግን «እሳት አይተሃልና ውሉን አፍርሰሃል» ብሎ ከለከለው።

እዚህ ላይ ስደርስ አንደበቴ ተያዘ። ልጅቱ «ከዚያስ አባባ?» ባትለኝ ኖሮ አልጨርሰውም ነበር። ዳኛው ለባለጠጋው ፈረደ፤ በኋላ ኃይሉ የተባለ ብልህ ሰው ሁለቱንም ለግብዣ ጠርቶ፣ የወጡን ሽታ ብቻ እያሸተቱ በረኃብ እንዲቀመጡ አደረጋቸው። ባጉረመረሙም ጊዜ፣ በሩቅ የታየ እሳት ካሞቀ የሸተተ ወጥ ስለ ምን አያጠግብም ብሎ ጠየቃቸው። ሀብቶምም አፍሮ ቃሉን ፈጸመ።

ስለ ተረቱ አመጣጥ የማውቀውንም ነገርኋት። ሃሮልድ ኩርላንደርና የጉራጌን ቋንቋዎች በማጥናት ስሙ የታወቀው ቮልፍ ሌስላው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ውስጥ አስገብተውታል፤ የመጽሐፉንም ስም ከዚሁ ተረት ወስደዋል። ይሁን እንጂ ቱርኮች ስለ ናስረዲን ሆጃ፣ ሕንዶችም ከ1556 እስከ 1605 ስለ ነገሠው ስለ አክባርና ስለ ብልሁ ቢርባል ይህንኑ የመሰለ ተረት ያወጋሉ። ሆጃና ቢርባል የሚረቱት ድስቱን ከእሳት አርቀው በመስቀል ነው። የዓለምን ተረቶች የሚመድቡ ሊቃውንትም ለዚህ ዐይነቱ 1262 የሚል ቍጥር ሰጥተውታል።

ልጅቱ ቅር ብሏት «እንግዲያው የእኛ አይደለማ!» አለች።

«ተረት እንደ ሸቀጥ ከአገር አገር ይዞራል፤ እያንዳንዱም አገር እንደ ልኩ ይሰፋዋል» አልኋት። በሆጃና በቢርባል ተረት ብርሃኑ በአጋጣሚ የታየ ነው፤ በዚያ የሩቅ ቤት ሻማ፣ በዚህ የቤተ መንግሥት መብራት። በእኛው ግን እሳቱን ያነደደው፣ ስለ አርሃ ብሎ እንቅልፉን ያጣ ሽማግሌ ነው። ጠላት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዘበት ዘመን ዋናው ገበያ ከአራዳ ወደዚህ ከተዛወረ ወዲህ፣ ባዶ እጁን የመጣ ስንት የጉራጌ ልጅ ቀድሞት በመጣ የአገሩ ሰው ቤት ተጠግቶ ሰው ሆኗል! እኔም አንዱ ነኝ። ተረቱ የእኛ የሆነው በዚህች በማዶ እሳት ነው።

በነጋም ጊዜ ልጁን ጠርቼ የቀረውን ሁለት መቶ ብር ሰጠሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። «የአገርህ ልጅ ስለ ሆነ አብሮህ ማደሩ ደግ ነው» ብለው፣ አቀርቅሮ «ዘበኛው የአገሬ ልጅ አይደለም ጋሼ፤ ብርድ እንዳይመታኝ ብሎ ነው እንጂ» አለኝ።

የአገሩ ልጅስ እኔ ነበርሁ።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ ይህን ተረት በማዕዳችሁ ዙሪያ ስታወጉ በቤታችሁ የሚያገለግለውም ቀርቦ ይስማ። እርሱ እየሰማ የሀብቶምን ቃል ያለ እፍረት መናገር የሚችል፣ እርሱ የሠራተኛውን ዋጋ ያላስቀረ ነው።