ሰዓት ብቻውን አይፈርድም

ስለ አውቶሞቢል እሽቅድድም ስንከራከር፣ ፍርዱን ሁሉ ለሰዓት የሚሰጡ ጓደኞች አሉን። በ402 ሜትር የቀጥታ ሩጫ ግን ሰዓት የሚለካው ሞተሩን ብቻ አይደለም።

በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 2023 የተሠራበት የባንዲሜር መሮጫ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነበር። በዚያ ከፍታ አየሩ ከጠረፉ አንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የሞተሩም ጉልበት አብሮ ይወርዳል። አየር በግድ የሚያስገባ ቱርቦ ያለው መኪና ጉዳቱ ይቀልለታል።

ጉልበት ቢተርፍም ጎማው መሬቱን ካልቆነጠጠ ትርፉ ጭስ ነው። ስለዚህ መሮጫው ላይ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይረጫል፤ ጎማውም በቦታው እየተሽከረከረ ይሞቃል።

እኛም በአዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ የምንኖር ደገኞች ነንና ነገሩ ይነካናል። ደገኛውን ሯጭ ሰነፍ ከማለታችን በፊት «አየሩስ? መሬቱስ?» እንበል፤ አለዚያ ፍርደ ገምድል እንሆናለን።