ሥራ ለመልመድ ስለ መጠየቅ

ልጆች ሆይ፤ ሰው ሥራ ዐውቆ አይወለድም። አራሹ ሞፈር መያዝን ከአባቱ ይማራል፤ ፈታይዋም እንዝርት ማሾርን ከእናቷ ትማራለች። ነገር ግን ከመጽሐፍ የሚገኘው ዕውቀት እየበዛ በሄደ ቁጥር ተማሪው ከእጅ ሥራ እየራቀ ሄደ። ስለዚህ በብዙ አገር ያሉ መምህራን፣ ተማሪው ትምህርቱን ከመጨረሱ በፊት ወደ ሥራ ቦታ ወጥቶ ሥራ ቢለምድ መልካም እንደ ሆነ አሰቡ።

በአሜሪካ፣ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ኸርማን ሽናይደር የሚባሉ የምህንድስና መምህር ነበሩ። እርሳቸውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. 27 ተማሪዎች አንዱን ሳምንት በትምህርት ቤት፣ ሁለተኛውን ሳምንት በፋብሪካ እንዲያሳልፉ አደረጉ። ይህም ልማድ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ አገር ተስፋፋ።

በአገራችንም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለውን ሥርዓት ጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ አንድ ዓመት ያገለግል ነበር፤ የሚበዙትም በየትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች ሆኑ። የከተማው ልጅ የገጠሩን ኑሮ በዓይኑ አየ፤ የገጠሩም ልጅ አስተማሪ አገኘ። ይህ ሥርዓት እስከ አብዮቱ ዘመን ቆየ።

ያን ጊዜ አገልግሎቱ ግዴታ ስለ ነበረ ቦታውን የሚመድበው ዩኒቨርሲቲው ነበር። የዛሬው ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ ቦታውን ራሱ ይፈልጋል፤ ማመልከቻ ይጽፋል፤ ቀርቦም በቃል ይጠየቃል። ይህ መጠየቅ ብዙዎችን ያስፈራቸዋል። እኔ በዳንግላ ስኖር ከቤተ ዘመዶቼ መካከል ያየሁትን ልንገራችሁ።

የእኅቴ ልጅ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርት ትማር ነበር። ሥራ የምትለምድበት ወራት በደረሰ ጊዜ ማመልከቻዋን ጽፋ አሳየችኝ። ስሟን፣ የምትማረውን ትምህርት፣ የምትችለውንና ልትማር የምትወደውን ነገር በአንድ ገጽ ጽፋ ነበር። ከዚህ በላይ ምንም አላስፈለጋትም።

በመጀመሪያው ቦታ የጠየቋት ሰው አንድ ትንሽ መሣሪያ አሳይተው፣ “ይህን በእጅሽ ሠርተሽበት ታውቂያለሽ?” አሏት። መሣሪያው የአፈርን አሲዳማነት የሚለካ ነበር። በአዊ አገር በብዙ ስፍራ አፈሩ አሲዳማ ስለ ሆነ ገበሬው ኖራ ይጨምርበታል፤ የኖራውም መጠን የሚታወቀው አፈሩ ሲለካ ነው። እርስዋም ስለ መሣሪያው በመጽሐፍ አንብባ ነበር እንጂ ነክታው አታውቅም ነበር። “ጌታዬ፣ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በእጄ ይዤው አላውቅም። ቢያሳዩኝ እማራለሁ” ብላ መለሰች።

በሦስተኛው ቀን ቦታው ለሌላ ተማሪ እንደ ተሰጠ ሰማች። እናቷ አለቀሰች። አንድ ዘመዳችንም መጥተው፣ “የቢሮውን ሹም አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ቃል ብናገር ቦታው ይመለስልሻል” አሏት። በቤቱ የነበርን ሁሉ ዝም ብለን የምትለውን እንጠብቅ ነበር። ቦታ ካላገኘች በዓመቱ መጨረሻ ከጓደኞቿ ጋር እንደማትመረቅ ሁላችን እናውቅ ነበርና። እርስዋም፣ “አባባ፣ ስለ አሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን ያ ቦታ የተሰጠው ልጅ እንደ እኔ እናት አለችው። እኔ በቃልዎ ስገባ እርሱ ያለ ጥፋቱ ይወጣል” አለች። እርሳቸውም ጥቂት አዘኑ፤ ግን አልተቆጡም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የዘር ድንች ወደሚቀመጥበት መጋዘን ሄዳ አመለከተች። እዚያ ያሉት አዛውንት መሣሪያ አላሳዩዋትም፤ ሁለት ድንች አምጥተው ፊቷ አስቀመጡ። የአንዱ ቡቃያ ነጭ፣ ረጅምና ቀጭን ነበር፤ የሁለተኛው ቡቃያ አጭር፣ አረንጓዴና ወፍራም ነበር። “ልዩነቱ ከምን መጣ?” ብለው ጠየቋት።

እርስዋም እንዲህ አለች፤ “አባቴ የዘር ድንቹን በጎታ ሥር፣ በጨለማ ያስቀምጥ ነበር። ቡቃያው እንደዚህ እንደ ነጩ ይሆንና ስንተክለው በእጃችን ይሰበር ነበር። ጎረቤታችን ግን ብርሃን በሚገባበት ቤት በቆጥ ላይ ስስ አድርጎ ይደረድረው ነበርና፣ የእርሱ ቡቃያ እንደዚህ እንደ አረንጓዴው ጠንካራ ነበር። ለመብል የሚሆነው ድንች ግን ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ ሆኖ ይመርራል፤ ሰውንም ስለሚጎዳ በጨለማ ይቀመጣል።” አዛውንቱም ሣቁና፣ “ሰኞ ነዪ” አሏት።

በመጀመሪያው ወር ሥራዋ መጋዘኑን መጥረግና የበሰበሰውን ድንች ከደኅናው መለየት ነበር። ብዙ ተማሪ ይህን እንደ ውርደት ይቈጥረዋል። እርስዋ ግን የበሰበሰውን በለየች ቁጥር በሽታው ከየት እንደ ጀመረ ትጠይቅ፣ መልሱንም በደብተሯ ትጽፍ ነበር። ወራቱ ሲያልቅ የድንችን በሽታ በዓይኗ አይታ ትለይ ጀመር።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ በቃል የሚጠይቅ ሰው ጠላት አይደለም። በአዊ አገር ፈረስ የተከበረ ነው፤ በየዓመቱም ጥር 23 ቀን ፈረሰኞች በእንጅባራ ይሰበሰባሉ። ፈረስ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ጋልቦ ያየዋል፤ ይህን የሚያደርገው ፈረሱን ለመናቅ ሳይሆን ጠባዩን ለማወቅ ነው። ሥራ የሚሰጥም ሰው እንደዚሁ ያደርጋል። በተጠየቃችሁ ጊዜ የምታውቁትን ሳትፈሩ ተናገሩ፤ የማታውቁትንም አላውቅም በሉ። ያልሠራውን ሠራሁ የሚል ሰው ቦታውን ቢያገኝ እንኳ ሥራው በማግስቱ ያጋልጠዋል። እውነት የሚናገር ግን አንዳንድ ጊዜ ቦታ ያጣል፤ ይህንም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ነገር ግን ባገኘው ቦታ ሳያፍር ይጠይቃል፤ ስለሚጠይቅም ይማራል። አባቶቻችን “መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል” ያሉት ስለዚህ ነው።